ሳይነካ መቆየቱና ከማን መሆኑ፦ የዲጂታል ማስረጃ ማረጋገጫ ከወረታ እስከ ችሎት

ዲጂታል ማስረጃ ችሎት ፊት ሲቀርብ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ይጠብቁታል። የመጀመሪያው፣ ከተያዘበት ሰዓት አንስቶ እስከ ቀረበበት ዕለት ድረስ ምንም ሳይጨመርበትና ሳይቀነስበት ቆይቷል ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ገና ሲያዝስ የተባለው ነገር ነበር ወይ የሚል ነው፤ ጽሑፉን ጻፈ የተባለው ሰው ጽፎታል? ቪዲዮው ተቀረጸ በተባለበት ቦታና ቀን ተቀርጿል? ሁለቱ ጥያቄዎች አዘውትረው ይደባለቃሉ። የመጀመሪያውን ኮምፒውተር በአጭር ጊዜ ስለሚመልሰው ሁለተኛውም አብሮ የተመለሰ ይመስላል። የሐሰት ማስረጃ ጠንካራ መስሎ የሚቆመውም በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው።

ነገሩ የትልልቅ ከተሞች የሳይበር ወንጀል ጉዳይ ብቻ አይደለም። ወረታ የባሕር ዳርና የጎንደር መንገድ ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ ከሚያቀናው መንገድ ጋር የሚገናኝባት፣ የፎገራ ሜዳ ሩዝ ተፈልፍሎ የሚጫንባት የንግድ ከተማ ናት። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ የባንኮች የሞባይል አገልግሎትም ከተስፋፋ ወዲህ፣ «ገንዘቡን ልኬያለሁ»፣ «አልደረሰኝም» የሚለው ክርክር ማስረጃው ስልክ ውስጥ ነው። በደረሰ ሩዝ ላይ ከብት ተለቀቀ የሚል ፎቶግራፍ፣ የመጋዘን ካሜራ ቅጂ፣ በድምፅ የተቀዳ የሽያጭ ስምምነት፣ በቴሌግራም የተላከ ዛቻ፣ ሁሉም ወደ ወረዳ ፖሊስ የሚመጡት በአብዛኛው በአንድ ተራ ስልክ ላይ ሆነው ነው።

በኢትዮጵያ የወንጀል ጉዳዮችን በተመለከተ መሠረቱን የጣለው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ነው። አንቀጽ 33 በአዋጁ መሠረት የተያዘ የኮምፒውተር ዳታ፣ የተረጋገጠ ቅጂው ወይም የተረጋገጠ የወረቀት ሕትመቱ በማስረጃነት ሊቀርብ እንደሚችል ይደነግጋል። አንቀጽ 34 ማስረጃውን ያቀረበው ወገን እውነተኛነቱን የማስረዳት ሸክም እንዳለበት ይናገራል። አንቀጽ 35 ደግሞ ዳታውን መዝግቦ ያስቀመጠው ሥርዓት ትክክለኛነት ከተረጋገጠ መዝገቡ እንደ ዋና ሰነድ እንዲቆጠር ያደርጋል። ይህን ማስረዳት ካልተቻለም ሌላ መንገድ ይከፍታል፤ ሥርዓቱ በአግባቡ ይሠራ እንደነበር ወይም ብልሽቱ መዝገቡን እንዳልነካው ማሳየት፣ መዝገቡን ያስቀመጠው የማስረጃ አቅራቢው ተቃራኒ ተከራካሪ መሆኑን ማሳየት፣ አለዚያም ከክርክሩ ውጪ የሆነ ሦስተኛ ወገን በዘወትር ሥራው ያስቀመጠው መሆኑን ማሳየት። ሕጉ በዚህ ረገድ ጥሩ ሕግ ነው፤ የሚጠይቀውም ተገቢውን ነገር ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት የክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ደርቦ ስለሚይዝ፣ ከፎገራ የተነሳ የኮምፒውተር ወንጀል ክስ መንገዱ ወደ ባሕር ዳር ነው። ስልኩ ግን ለምርመራ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ሊደርስ ይችላል። በዚህ ርቀት ላይ ብዙ እጅ ይቀያየራል።

አብዛኛው ጥፋት የሚደርሰው ግን መንገዱ ከመጀመሩ በፊት፣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። ላቦራቶሪ ምንም ያህል የተሟላ ቢሆን የጠፋውን አይመልስም፤ ስለዚህ ከባለሙያው ይልቅ ስልኩን መጀመሪያ የተቀበለው የወረዳ ፖሊስ የሚያደርገው ነገር ይበልጣል። ስልኩን ከፍቶ መልእክቶቹን ማገላበጥ ራሱ ማስረጃውን ይለውጣል። ያልተነበበው «የተነበበ» ይሆናል፤ ፋይሎች የመጨረሻ የተከፈቱበት ሰዓት ይታደሳል፤ በኔትወርክ ላይ ያለ ስልክ አዲስ መልእክት እየተቀበለ አሮጌውን ሊደመስስ፣ ባለቤቱም ከሩቅ ሆኖ ሁሉንም ሊያጠፋው ይችላል። ትክክለኛው አያያዝ ውስብስብ አይደለም። ስልኩ በተገኘበት ሁኔታ ከፊትም ከኋላም ፎቶ ይነሣል፤ ክፍት ከሆነ ሳይጠፋ ወደ አውሮፕላን ሞድ ይገባል፤ ዋይፋይና ብሉቱዝ መዘጋታቸው ይታያል፤ ሞገድ በሚከለክል ከረጢት ውስጥ ተደርጎ ይታሸጋል። ያለ አሳብ ማጥፋት የሚያስከትለው ጉዳት ብዙ ጊዜ አይታሰብም፤ አዳዲስ ስልኮች ይዘታቸውን በምስጢር ቁልፍ ስለሚቆልፉ፣ ጠፍቶ የበራ ስልክ የይለፍ ቁጥሩ እስኪገባ ድረስ ለመርማሪው ዝግ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ከዚህ ሁሉ ጋር አንድ ትንሽ ነገር መጻፍ አለበት፤ ስልኩ ወይም ካሜራው የሚያሳየው ሰዓትና በዚያው ቅጽበት ትክክለኛው ሰዓት ስንት እንደነበር። ይህ አንድ መስመር በኋላ ብዙ ክርክር ይዘጋል።

የመጋዘንና የሱቅ ካሜራ የራሱ ችግር አለው። ቅጂውን ከመቅጃው ሳጥን ማውጣት ሲያስቸግር መርማሪው ወይም ባለሱቁ ስክሪኑን በራሱ ስልክ ይቀርጸዋል። የሚገኘው ቪዲዮ ለዓይን ይበቃል፤ ለማረጋገጥ ግን ዋናው ፋይል የያዛቸው መረጃዎች ሁሉ ቀርተዋል። መቅጃው ሳጥን ደግሞ ቦታ ሲሞላ በአሮጌው ላይ ስለሚጽፍ፣ ጥቂት ቀናት ከዘገዩ ዋናው ጨርሶ አይገኝም። በቴሌኮም በኩልም ጊዜ ገደብ አለው፤ አዋጁ አገልግሎት ሰጪዎች የግንኙነት ዳታን እንዲያቆዩ የሚያስገድደው ለአንድ ዓመት ነው።

ከአያያዝ ቀጥሎ ቅጂ ይመጣል። ምርመራ በዋናው ላይ አይደረግም። ኮምፒውተር ወይም ሚሞሪ ካርድ ሲሆን ራይት ብሎከር በተባለ፣ ማንበብን ፈቅዶ መጻፍን በሚከለክል መሣሪያ በኩል ተገናኝቶ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቢት ይገለበጣል፤ የተደመሰሱ ፋይሎች ያሉበት ባዶ መሳይ ቦታም አይቀርም። ከዚያ የቅጂው ሃሽ ይሰላል። ሃሽ ማንኛውንም ፋይል፣ አንድ ፊደልም ሆነ አንድ ሙሉ ሃርድ ዲስክ፣ ወስዶ ቋሚ ርዝመት ያለው ቁጥር የሚያወጣ ስሌት ነው። ዛሬ በስፋት የሚሠራበት ሻ-256 ውጤቱን በ64 ምልክቶች ያሳያል፤ ሊወጡ የሚችሉት ውጤቶች ብዛት ሲጻፍ 78 አኃዝ ያለው ቁጥር ነው። ከግብዓቱ አንዲት ቢት ብትቀየር ውጤቱ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። በአማርኛ የተጻፈ አንድ ውል ውስጥ «ፀሐይ» የሚለው ስም «ጸሐይ» ተብሎ ቢቀየር ለአንባቢ ልዩነት የለውም፤ ሁለቱ ፋይሎች ግን የማይመሳሰል ሃሽ ይኖራቸዋል። ስለዚህ ወረታ ላይ በተያዘበት ቀን የተመዘገበው ሃሽ ባሕር ዳር ላይ ሲሰላ አንድ ሆኖ ከተገኘ፣ በመካከል ያለው ጊዜ ቅጂውን አልነካውም ማለት ይቻላል።

ይህ መሣሪያ ግን በልኩ መታወቅ አለበት። ኤምዲ5 የተባለው አሮጌ ስሌት ሁለት የተለያዩ ፋይሎች አንድ ሃሽ እንዲኖራቸው ማድረግ እንደሚቻል በ2004 እ.ኤ.አ. በቻይና ተመራማሪዎች ታይቷል፤ ሻ-1 ደግሞ በየካቲት 2017 እ.ኤ.አ. በጉግልና በአምስተርዳም የሒሳብና የኮምፒውተር ምርምር ተቋም በጋራ ተሰብሯል። ስልኮችን በተመለከተም ሌላ ነገር አለ። በርቶ ያለ ስልክ በየቅጽበቱ የራሱን ማስታወሻ ስለሚጽፍ፣ ከአንድ ስልክ ሁለት ጊዜ የተወሰደ ቅጂ ሁለት ሃሽ ይኖረዋል። ኤስኤስዲ የተባለው ዘመናዊ ዲስክም ኤሌክትሪክ እስካገኘ ድረስ የተደመሰሰውን በራሱ ጊዜ ያጸዳል። ስለዚህ «ስልኩ ላይ ዳግመኛ ሲሰላ ሃሹ ተለየ» የሚል የመከላከያ ክርክር ብቻውን ምንም አያፈርስም፤ «ሃሹ አንድ ነው» የሚል የዐቃቤ ሕግ ክርክርም ከተቀዳበት ቅጽበት በፊት ስለነበረው ነገር ምንም አይናገርም። ሃሹ የተሰላውም ስልኩ ከተያዘ ከሦስት ሳምንት በኋላ ከሆነ፣ ሦስቱ ሳምንታት ያለ ምስክር ያለፉ ናቸው።

እነዚያን ሳምንታት የሚሸፍነው የርክክብ መዝገብ ነው። ማን ያዘው፣ ከማን ተረከበ፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት፣ የእሽጉ ቁጥር ስንት ነበር፣ እሽጉ ሲከፈት ማን ነበር። በኤግዚቢት ክፍል ውስጥ «አንድ ሳምሰንግ ስልክ» ተብሎ የተመዘገበ ዕቃ በቂ መለያ የለውም፤ ስልኩን ከሌሎች መቶ ስልኮች የሚለየው ባለ 15 አኃዝ የአይኤምኢአይ ቁጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው አይኤስኦ 27037 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ አያያዙ ሌላ ባለሙያ ደግሞ ሊፈትሸውና ሊደግመው በሚችል መንገድ እንዲመዘገብ ይጠይቃል። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። እስክርቢቶና ሥርዓት ያለው እጅ ይበቃል።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ የምንጩ እውነተኛነት፣ ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። በቱርክ «ባሊዮዝ» በተባለው የመፈንቅለ መንግሥት ሤራ ክስ በመቶዎች የሚቆጠሩ የጦር መኮንኖች በ2012 እ.ኤ.አ. የተፈረደባቸው በዋናነት በሲዲ ላይ በተገኙ ሰነዶች ነበር። ሰነዶቹ በ2003 እ.ኤ.አ. እንደተጻፉ ይናገራሉ፤ በውስጣቸው ግን ከኦፊስ 2007 ጋር የመጣው ካሊብሪ የተባለው የፊደል ቅርጽ ምልክት ተገኘ። ሲዲው ከተያዘ በኋላ አልተነካም ይሆናል፤ ሰነዱ ግን በተባለው ዓመት ሊኖር አይችልም። የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በ2014 እ.ኤ.አ. የተከሳሾቹ መብት ተጥሷል አለ፤ በቀጣዩ ዓመትም በነፃ ተሰናበቱ። በሕንድ ደግሞ የመብት ተሟጋቹ ሮና ዊልሰን ላፕቶፕ ላይ የተገኙ ደብዳቤዎችን አርሰናል ኮንሰልቲንግ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት መርምሮ፣ በየካቲት 2021 እ.ኤ.አ. በታወቀው ሪፖርቱ፣ ደብዳቤዎቹ ኔትዋየር በተባለ ሰርጎ ገብ ፕሮግራም በኩል ከውጭ የተቀመጡ እንደሆኑ ደመደመ። ላፕቶፑ ላይ የነበረው ወርድ 2007 ሲሆን ደብዳቤዎቹ የተዘጋጁት ከዚያ በኋላ በወጣ ወርድ ነበር።

ኢትዮጵያውያንም ለዚህ ዓይነቱ ሥጋት እንግዳ አይደሉም። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት የኢሳት ቴሌቪዥን ጋዜጠኞች ሃኪንግ ቲም በተባለው የጣሊያን ኩባንያ ስፓይዌር ዒላማ እንደተደረጉ አሳይቷል። ከዚህ የሚገኘው የምርመራ ደንብ ግልጽ ነው፤ በኮምፒውተር ውስጥ ሰነድ መገኘቱ ባለቤቱ አስቀመጠው ለማለት አያበቃም። ሰነዱ ተከፍቶ ያውቃል ወይ፣ በየትኛው ፕሮግራም ተጻፈ፣ በምን መንገድ ገባ፣ ማሽኑ ውስጥ ሰርጎ ገብ ነበር ወይ፣ እነዚህ አስቀድመው መፈተሽ አለባቸው።

ከስልክ ውጪ ሌላ መዝገብ ያለበት ጉዳይ ግን የሚቀል ነው። የቴሌብር ወይም የባንክ መልእክት ስክሪንሹት በማንኛውም የፎቶ ማስተካከያ ሊሠራ ስለሚችል ለብቻው ዋጋው አነስተኛ ነው። በላዩ ያለው የግብይት ቁጥር ግን በኢትዮ ቴሌኮም ወይም በባንኩ ቋት ውስጥ ከተመዘገበው ጋር ሲመሳከር ክርክሩ ያልቃል። ይህ ምስክርነት ጥንካሬውን የሚያገኘው መዝጋቢው በክርክሩ ውስጥ ስለሌለ ነው። መዝጋቢው ራሱ ባለጉዳይ ሲሆን ምን እንደሚከተል ከመጋቢት 6 ሌሊት እስከ መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰው ሁኔታ ያሳያል። በሥርዓት ማሻሻያ ሥራ ምክንያት በተፈጠረ ችግር ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ፤ ባንኩ ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ እንደወጣበት ገለጸ፤ ያልመለሱ ያላቸውን ሰዎች ዝርዝርም ይፋ አደረገ። የጠያቂው ዋና ማስረጃ የራሱ ሥርዓት መዝገብ ነበር፤ ያም ሥርዓት በዚያች ሌሊት በአግባቡ እንዳልሠራ ባንኩ ራሱ የተናገረው ነው። በአንቀጽ 35 መለኪያ ሲታይ፣ እንዲህ ያለ መዝገብ የሚያቀርብ ወገን መጀመሪያ የሚያስረዳው ብልሽቱ ፈቃድ የሚሰጠውን ክፍል እንጂ የሚመዘግበውን ክፍል እንዳልነካ ነው። የኤቲኤም ማሽኖች የየራሳቸው መዝገብ፣ የሌሎች ተቀባይ ባንኮች ሒሳብና ባንኮችን እርስ በርስ የሚያገናኘው የኢትስዊች መዝገብ ለዚህ ከባንኩ ዋና ቋት ውጪ የሚገኙ ምስክሮች ናቸው።

ሰዓት በኢትዮጵያ የራሱ ሙሉ ምዕራፍ የሚገባው ነገር ነው። አንድ የፎገራ ገበሬ ድብደባው የደረሰው «ከምሽቱ 3 ሰዓት» ነው ብሎ ይመሰክራል። በዚያው ደቂቃ በአንድ ስልክ የተነሣ ፎቶ በውስጡ 21 ሰዓት ይላል፤ በዚያው ስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ደግሞ 18 ሰዓት ይላል። ሦስቱም እውነት ናቸው። ፎቶው የስልኩን የአካባቢ ሰዓት ይጽፋል፤ ቪዲዮው አብዛኛውን ጊዜ ከኢትዮጵያ በሦስት ሰዓት የሚዘገየውን ዓለም አቀፍ ሰዓት ይመዘግባል፤ ገበሬው የሚቆጥረው ደግሞ ጀምበር ከጠለቀች ወዲህ ነው። ይህን ያላወቀ መርማሪ ምስክሩንና ቪዲዮውን እርስ በርስ የሚጋጩ አድርጎ ያቀርባል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ቀኑም ይለያያል፤ ለረቡዕ አጥቢያ ሌሊት 8 ሰዓት የደረሰ ነገር በዓለም አቀፉ ሰዓት ገና ማክሰኞ 23 ሰዓት ነው። ጳጉሜን 6 ከዋለችበት ዓመት ማግስት ደግሞ ከመስከረም እስከ የካቲት ድረስ በሁለቱ ዘመን አቆጣጠሮች መካከል ያለው ልዩነት በአንድ ቀን ይሰፋል። በተለምዶ ሚሞሪ ካርዶች የሚጠቀሙበት ፋት32 የተባለው አቀማመጥም ሰዓቱን ያለ ሰዓት ቀጠና ይጽፋል። እያንዳንዱ የምርመራ ሪፖርት ሰዓትን በሦስቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ቢያስቀምጥ ብዙ ሐሰተኛ ተቃርኖ ይቀር ነበር።

ሰዓቱ ጨርሶ የማይታመንበት ጊዜም አለ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ ምስሎች ከስልክ ወደ ስልክ በብሉቱዝና በሚሞሪ ካርድ ይተላለፉ ነበር። ከኔትወርክ የተለየ ስልክ ሰዓቱን አያስተካክልም፤ ባትሪው ተሟጥጦ ሲነሣም ሰዓቱ ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። በኋላ ምስሉ በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ እንደ ፎቶ ሲላክ መተግበሪያው ምስሉን እንደገና ይጨምቀዋል፤ የካሜራውን ዓይነት፣ ሰዓቱንና የቦታ ምልክቱንም ያወልቃል። እንዲህ ያለ ምስል ሲገኝ ቀዳሚው ሥራ ወደ ኋላ እየተጠየቀ መጀመሪያ የቀረጸውን ሰውና ስልክ መፈለግ ነው።

እሱ ካልተገኘ ምስሉ ራሱ ይጠየቃል። ቢቢሲ አፍሪካ አይ በ2013 ዓ.ም. በትግራይ ማኅበረ ዴጎ የተፈጸመውን ግድያ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች የተቀረጹበትን ቦታ የለየው የተራሮቹን ቅርጽ ከሳተላይት መረጃ ጋር በማመሳከር ነበር። የፎገራ ሜዳ ግን ጠፍጣፋ ነው፤ በስተ ምሥራቅ ከጉና ተራራ ወደዚህ የሚወርደው ከፍታ ባይታይ ከአድማስ ብዙ የሚገኝ የለም። ሜዳው በምትኩ የሚሰጠው ወቅትን ነው። በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ወደ ጣና ሲያቀኑ ውኃ ሜዳው ላይ ይተኛል፤ ሩዙ በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳል፤ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራል፤ በበጋ የመስኖ ሽንኩርት ይበቅላል። ስለዚህ ታኅሣሥ ላይ ተቀረጸ የተባለ ቪዲዮ ከበስተጀርባው የተኛ ውኃና ለጋ ሩዝ ካሳየ ጥያቄ ይነሣበታል። ሴንቲኔል-2 የተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች እያንዳንዱን ቦታ በአምስት ቀን ገደማ አንድ ጊዜ በ10 ሜትር ጥራት ያነሳሉ፤ ክረምት ደመና ሲጋርዳቸው የሴንቲኔል-1 ራዳር ደመናውን አልፎ የተኛውን ውኃ ያሳያል። ሁለቱም ለማንም በነፃ ክፍት ናቸው።

ጥላም ይናገራል። ወረታ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 12 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ፀሐይ በቀትር ከአናት ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ የቆመ ሰው ጥላም ወደ ደቡብ ይወድቃል። በቀሪዎቹ ወራት ጥላው ወደ ሰሜን ነው። ፀሐይ ከፍታዋን የምትይዘው ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። አቅጣጫው በታወቀ መንገድ ወይም ሕንፃ አጠገብ የተቀረጸ ቪዲዮ ከጥላው አቅጣጫና ርዝመት የቀኑን ሰዓት፣ አንዳንዴም የዓመቱን ወቅት ለማጥበብ ያስችላል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ጽሕፈት ቤትና የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጡት የበርክሌይ ፕሮቶኮል እንዲህ ያለው ትንታኔ ሌላ ሰው ደግሞ እንዲደርስበት እያንዳንዱ እርምጃ እንዲመዘገብ ያዝዛል።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ ድምፆችና ምስሎች ጥያቄውን ያከብዱታል እንጂ ዓይነቱን አይለውጡትም፤ ሐሰትን እንለያለን የሚሉ ፕሮግራሞች ስለሚሳሳቱ ውጤታቸው ለፍርድ መሠረት ሊሆን አይገባም። ከመነሻው መከላከል የሚሻል ነው። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ለዚህ በር ከፍቷል፤ በዲጂታል ፊርማ ፈራሚው የሰነዱን ሃሽ በግል ቁልፉ ስለሚፈርመው፣ ሰነዱ አለመነካቱና ፈራሚው ማን መሆኑ በአንድ ፍተሻ አብረው ይታያሉ። በወረታ የሚደረግ ተራ የሩዝ ሽያጭ ውል በዚህ መንገድ ይፈረማል ብሎ መጠበቅ ግን ገና ነው።

ለችሎት የሚቀርበው የባለሙያ ሪፖርት ማስረጃው በማን፣ መቼና እንዴት እንደተያዘ፣ በየትኛው መሣሪያና በየትኛው እትሙ እንደተቀዳ፣ የሃሹን ዓይነትና ሙሉ ቁጥሩን፣ ያልተቻለውንም ጭምር መያዝ አለበት። መከላከያው የቅጂውን ቅጂ አግኝቶ በራሱ ባለሙያ ማስመርመር ካልቻለ ሃሽ የመመዝገቡ ጥቅም ግማሹ ይቀራል። ፍርድ ከተሰጠ በኋላም ፋይሉ እስከ ይግባኝና ሰበር ድረስ መቆየት ስላለበት፣ ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች፣ አንዱ በማይጻፍበት ዲስክ ላይ ይቀመጣል። ወደ አዲስ ዲስክ በተዛወረ ቁጥርም ሃሹ እንደገና ይሰላል፤ ያሰላው ሰው ስምና ቀኑ በርክክብ መዝገቡ ላይ ይጨመራል።